ወጣቶቹ የቀደዱት ቦይ

አንድ የውሃ አባት ነበሩ፤ አያ ደርበው ይባላሉ። ሥራቸው የወንዙን ውሃ ለመንደሩ ማሳዎች በተራ ማከፋፈል ነበር። ዛሬ አርጅተው ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ሲሞቁ፣ ከዚያ ሁሉ ዘመን አብልጠው የሚናፍቁት አንድ በጋ አለ።

በዚያ በጋ የመስኖ ማኅበሩ ወጣቶችን ለመጀመሪያ ጊዜ ለስብሰባ ጠራ። ሽማግሌዎቹ ተናገሩ፣ ተከራከሩ፣ ወሰኑ። በመጨረሻ አያ ደርበው ወደ ኋላ ዞረው «እናንተስ ልጆች፣ ምን ትላላችሁ?» አሉ።

«ጥሩ ነው» አሉ ወጣቶቹ። ስብሰባው ተበተነ።

አያ ደርበው ወደ ቤታቸው ሲያዘግሙ ወንዙ መሻገሪያ ላይ ጭቅጭቅ ሰሙ። እነዚያው በስብሰባው ዝም ያሉት ወጣቶች ስለ ውሃው ይሟገታሉ። ከሁሉም የአንዲት ልጅ፣ የማንጠግቦሽ ድምፅ ጎልቶ ይሰማል፤ «ውሃው ታች ሰፈር ሳይደርስ መንገድ ላይ እየቀረ ነው፤ አዲስ ቦይ መቅደድ አለብን» ትላለች።

«ይሄን እዚያ ለምን አላልሽም?» አሏት።

«አያ፣ የጠየቃችሁን እኮ ከወሰናችሁ በኋላ ነው» አለች አንገቷን ደፍታ። «ምን ቀርቶልን እንናገር?»

ነገሩ ከነከናቸው። በሚቀጥለው ስብሰባ ወጣቶቹን ከፊት አስቀምጠው፣ ሽማግሌዎቹ አስቀድመው እንዲያዳምጡ ለመኑ። ብዙ ካከራከረ በኋላ የታች ሰፈር ውሃ በወጣቶቹ ውሳኔ እንዲመራ ተስማሙ። ወጣቶቹም ቦዩን ቀደዱ።

ብዙም ሳይቆይ ያለ ወቅቱ ዝናብ ወረደ። አዲሱ ቦይ ተደረመሰና የአንዱን ገበሬ፣ የእንየውን የሽንኩርት ማሳ ጎርፍ ጠረገው። መንደሩ ተቆጣ።

«ተው ብለንህ ነበር! አሁኑኑ ውሃውን ተረከባቸው» አሉ ሽማግሌዎቹ።

አያ ደርበው ማንጠግቦሽን አዩዋት።

«እኔ የሠራሁት ግድብ ስንቴ ፈረሰ?» አሉ። «ያኔ ማን ነጠቀኝ? አብራችሁኝ ጠገናችሁ እንጂ።» ከዚያም አካፋቸውን አንስተው ወደ ልጅቷ ዞሩ። «በይ ልጄ፣ ከየት ልጀምር?»

እንባዋን ጠርጋ አሳየቻቸው። እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ውስጥ ገብተው ቆፈሩ። ሽማግሌዎቹም አንድ በአንድ፣ እያጉረመረሙ መጡ። ማንጠግቦሽ ታዛለች፣ እነሱ በጭቃ የተለወሰ ፊታቸውን እየተያዩ ይሳሳቃሉ። የእንየውንም ሽንኩርት ወጣቶቹ ደቦ ወጥተው መልሰው ተከሉለት። ቦዩ በድንጋይ ተደግፎ ቀና፤ ታች ሰፈርም ውሃ አገኘ።

ያን ቀን አብረዋቸው ከቆፈሩት ሽማግሌዎች ዛሬ በሕይወት የቀረ የለም። ሳቃቸው ግን አሁንም በአያ ደርበው ጆሮ ላይ አለ።

ወጣትን ስብሰባ ጠርቶ ማስቀመጥ ብቻውን ማሳተፍ አይደለም። ሳንወስን እንስማው፤ በእውነት የሚወስነው ነገር እንስጠው፤ ሲሳሳት ከጎኑ እንቁም። እኛም የተማርነው እየተሳሳትን ነውና።

እርስዎ ባሉበት ማኅበር ወጣቶች የሚጠየቁት መቼ ነው?