በወይን አፋፍ ዳስ ላይ የሚንጠለጠለው ድንጋይ

ከጣና ዳር ከፍ ብላ በተቀመጠችው በወይን አፋፍ መንደር፣ አዲስ የወይን ዳስ የሠራ ሰው ሐረጉን ወዲያው አያወጣበትም። አስቀድሞ ከየአግዳሚው ላይ ድንጋይ በገመድ ያንጠለጥላል፣ በላዩም ሣር ይከምርበታል፤ ሣሩ ዝናብ እየጠጣ፣ ነፋስም እየገፋው፣ ክረምቱ እስኪወጣ ድረስ ዳሱ እንዲሁ ይቆያል። እንግዳ ሰው ሲያየው ይሥቃል። የአገሩ ሽማግሌዎች ግን ልማዱ የመጣው ከቢያድግልኝና ከሚስቱ ከደብሪቱ ነው ይላሉ።

ቢያድግልኝ፣ እንደሚነገረው፣ ቤት በመሥራት የታወቀ ሰው ነበረ። ምሰሶ ሲተክል እጁ የተባረከ ነው ይባልለት ነበርና ምክር መቀበል አይወድም። ደብሪቱ ከአባቷ ቤት ያመጣችውን የወይን ቁራጭ ከጓሮ ተክላ፣ ሐረጉ ቁመቷን ባከለ ጊዜ ዳስ እንዲሠራላት ለመነችው። እሱም የሰው ቤት ሲሠራ ከተረፈው ሸምበቆ ቆርጦ፣ በቀጫጭን ባላዎች ላይ አጋድሞ፣ በልጥ አስሮ ፀሐይ ሳትጠልቅ ጨረሰው።

«ከመሃል ባላ አልጨመርክበትም» አለችው ደብሪቱ። «አባቴ፣ ወይን ሲያፈራ እንደ ነፍሰ ጡር ነው የሚከብደው ይል ነበር።»

«ሐረግ ምን ይመዝናል? ጣሪያ እኮ አይደለም» አላት እየሣቀ።

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት እውነትም እሱ እንዳለው ሆኑ። ወይኑ ግን ግንዱ እንደ ክንድ እየወፈረ፣ ቅጠሉ እርስ በርሱ እየተደራረበ ሄደ። ዘለላው እንደዚያ ተንዠርግጎ አያውቅም በተባለበት የካቲት ሸምበቆው ከመሃል ረገበ። ደብሪቱ ባሏን ደጋግማ ነገረችው፤ እሱ ግን የሌላ ሰው ቤት ጀምሮ ነበርና «ለቀማው ደርሷል፤ ፍሬው ሲወርድለት ይቀለዋል» ብሎ ተወው።

ለቀማው ሳይደርስ ያለ ወቅቱ ዶፍ ወረደ። ቅጠሉ ውኃውን ይዞ ቀረ፤ ከሐይቁ የተነሣውም ነፋስ ያን ጥቅጥቅ ያለ ቅጠል እንደ ግድግዳ አግኝቶ ይገፋው ጀመር። ደብሪቱ የልፋቷን ፍሬ ላድን ብላ ባላ ተሸክማ ከሥሩ ገባች። ቢያድግልኝ ከጎረቤት ደጃፍ ተጠልሎ ሳለ አያት።

«ውጪ! ደብሪቱ፣ ተዪው ይውደቅ!» እያለ ሮጠ።

ድምፁ በዝናቡ ውስጥ ይድረሳት አይድረሳት የሚያውቅ የለም። ባላዎቹ ወደ አንድ ጎን አዘነበሉ፤ ዳሱም ከነሸክሙ ወረደባት። ሰው ተረባርቦ ቢያነሣላትም አልተረፈችም።

ከተዝካሯ በኋላ ዘመዶቿ ወይኑ ይቆረጥ አሉ። ቢያድግልኝ እንቢ አለ። የወይራ ባላ በጥልቀት ቀብሮ፣ ከመሃልም ከጎንም ደጋፊ ጨምሮ ዳሱን እንደገና ሠራው፤ ከዚያም ድንጋይ አንጠልጥሎ፣ እርጥብ ሣር ከምሮ፣ ክረምቱን ሙሉ ዝናብ በጣለ ቁጥር ራሱ ከሥሩ ይቆም ነበር ይባላል። ጎረቤቶቹ ሞቱን ፈልጎ ነው ብለው ሽማግሌ ላኩበት።

መስከረም ሲጠባ ዳሱ ንቅንቅ አላለም። ሽማግሌዎቹ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቻለ እኮ» ቢሉት ቢያድግልኝ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ።

«መቻሉ ነው የሚያቃጥለኝ» አላቸው። «ከፊተኛው ላይ የጨመርሁት ጥቂት እንጨትና የአንድ ሰሞን ሥራ ነው። የለመነችኝም ይህንኑ ነበር።»

ዛሬም በወይን አፋፍ ድንጋዩ በሚወርድበት ቀን ጎረቤት ይጠራል፣ ጠላ ይቀዳል። ዳሱ ቢችልም ግን እልል የሚል የለም። ዳሱን የሠራው ባል ሐረጉን ለሚስቱ ያቀብላታል፤ የመጀመሪያዋን ቋጠሮ የምታስረው እሷ ናት።