አባዬ ካላጎረሰኝ

ተረት ልንገራችሁ? «ንገሪን» በሉኝ እንጂ! ድምፃችሁ ካልወጣ አልጀምርም። እሺ፣ ተጠጉ። አንተ እግርህን ሰብስብ፣ ከኋላ ያሉትም ይስሙ።

ከባሕር ማዶ፣ ጥገኝነት የጠየቀን ሰው «ጉዳይህ እስኪታይ» እያሉ የሚያስሩበት አንድ ትልቅ ግቢ ነበር። ወንዶቹ በወዲያ በኩል፣ ሴቶችና ልጆች በወዲህ በኩል፣ መሃላቸው አንድ የብረት በር። አንድ ቀን ወለላ የምትባል ሚጢጢ ልጅ ከእናቷ ከሽታዬ ጋር በወዲህ በኩል ገባች። አባቷን መኳንንትን በወዲያ በኩል አስገቡት። እኔ ብርነሽ፣ አልጋዬ ከእነሱ አልጋ አጠገብ ነበርና ሁሉንም በዓይኔ አይቻለሁ። የጠባቂዎቹንም ቋንቋ እንደነገሩ ስለምሞክር አስተርጓሚዋ እኔው ሆንኩ።

ወለላ ከመጣች ጀምሮ ወተት ከመጎንጨት በቀር ምንም አልቀመሰችም። ምሳ መጣ፤ ሩዝ፣ ወጥ መሳይ ነገርና ስስ ዳቦ። ሽታዬ ጠቅልላ ብታቀርብላት አፏን ግጥም! ሰዎቹ ማንኪያው ያስጠላት መስሏቸው ቀይ ማንኪያ አመጡላት። እንቢ ስትል ቢጫ አመጡ። ወይ ጉድ! ማንኪያ ምን አጠፋ? እነ ወለላ ቤት ማዕድ ሲቀርብ የመጀመሪያዋን ጉርሻ የሚያጎርሳት አባቷ ነው። ከዚያ በኋላ ማንም ያጉርሳት፣ ራሷም ትብላ፣ ግድ የላትም። የመጀመሪያዋ ግን የአባቷ ናት።

«አባዬ ካላጎረሰኝ አልበላም» አለች።

ዓይኗ ጎድጉዷል። ሽታዬ በአንድ እጇ ሳህኑን፣ በሌላው ልጇን ይዛ ተነሳች። እትዬ ብርነሽ፣ አፍ ሁኚኝ አለችኝ። ሄድን ወደ በረኛዋ። ወለላ አልበላ አለች፤ አባቷ አንዴ እንዲያጎርሳት በሩን ክፈቺልን አልናት። በረኛዋ ክፉ ሴት አይደለችም። ግን ቁልፍ ያዡ ቁልፉን ካልሰጠኝ አልከፍትም አለች።

ሄድን ወደ ቁልፍ ያዡ። ወለላ አልበላ አለች፣ በረኛዋ አልከፍት አለች፤ እባክህ ቁልፉን ስጥ አልነው። ቁልፎቹን በወገቡ ላይ እያንሿሿ፣ አለቃው ካላዘዘኝ አልሰጥም አለ።

ሄድን ወደ አለቃው። ወለላ አልበላ አለች፣ በረኛዋ አልከፍት አለች፣ ቁልፍ ያዡ አልሰጥ አለ፤ እባክዎ ይዘዙልን አልነው። አለቃው ከወንበሩ ሳይነሳ፣ ሐኪሟ ካልፈቀደች አላዝም፣ ደንብ ነው አለ። ደንብ የምትለዋን ቃል እንዴት እንደሚወዷት!

ሄድን ወደ ሐኪሟ። እግሬ በመመላለስ ዝሏል፣ ምላሴ ግን ደህና ነው። ወለላ አልበላ አለች፣ በረኛዋ አልከፍት አለች፣ ቁልፍ ያዡ አልሰጥ አለ፣ አለቃው አላዝ አለ፤ እባክሽ ፍቀጂልን አልናት። ሐኪሟ የወለላን ደረት አዳመጠች፣ ዓይኗን ገልጣ አየች። ባዶ ሆዷን ግቢውን ስታቋርጥ ብትወድቅ ተጠያቂዋ እኔ ነኝ፣ ስለዚህ ልጅቷ መጀመሪያ ካልበላች አልፈቅድም አለች።

አያችሁልኝ? ሐኪሟ ወለላ ካልበላች አትፈቅድም። አለቃው ሐኪሟ ካልፈቀደች አያዝም። ቁልፍ ያዡ አለቃው ካላዘዘ አይሰጥም። በረኛዋ ቁልፍ ያዡ ካልሰጠ አትከፍትም። ወለላ ደግሞ በሩ ተከፍቶ አባቷ ካላጎረሳት አትበላም። ዞረን ዞረን እዚያው! እኔ ሳቄ መጣ። ሽታዬ ግን ግድግዳ ተደግፋ ቁጭ አለችና እንባዋ ወረደ፤ የእኔም ሳቅ እዚያው ላይ ቀረ።

በዚህ መሃል የሐኪሟ ሆድ ጉር አለ። ለካ በእኛ ምልልስ ምሳዋ አልፏታል። ወለላ ቀና ብላ አየቻት።

«እሷንም አባቷ አላጎረሳትም?» ብላ ጠየቀችኝ።

እኔም ለሐኪሟ ተረጎምኩላት። ወለላ ከሳህኑ ዳቦ ቆርሳ፣ ሩዙን በትንንሽ ጣቶቿ ጠቅልላ፣ በእግሯ ጣት ቆማ እጇን ዘረጋች። ሐኪሟ ወደኋላ አለች። በእኛ ዘንድ የቀረበ ጉርሻ አይመለስም አልኳት፣ ቆጣ ብዬ። አፏን ከፈተች። ጉርሻው ጉንጯን ወጠረው። አፉ የሞላ ሰው አይሆንም ማለት ይችላል? አይችልም። በእሺታ ራሷን ነቀነቀች፣ ተነስታም ከፊታችን ሄደች።

ሄድን ወደ አለቃው። ደን... ብሎ ሳይጨርስ ወለላ አጎረሰችው። ሐኪሟ ጎረሰች ፈቀደች፣ አለቃው ጎረሰ አዘዘ።

ሄድን ወደ ቁልፍ ያዡ። ይኼኛው አፉን ከፍቶ ጠበቃት። ሐኪሟ ጎረሰች ፈቀደች፣ አለቃው ጎረሰ አዘዘ፣ ቁልፍ ያዡ ጎረሰ ሰጠ።

ሄድን ወደ በረኛዋ። ሐኪሟ ጎረሰች ፈቀደች፣ አለቃው ጎረሰ አዘዘ፣ ቁልፍ ያዡ ጎረሰ ሰጠ፣ በረኛዋ ጎረሰች ከፈተች!

መኳንንትን ጠሩት። እሱም ምሳውን ሳይነካ መልሶ ነበር፤ እሷን ሳላጎርስ እንዴት ልጉረስ ብሎ ኖሯል። ሽታዬ የያዘችውን ሳህን ብናይ የቀረው አንድ ጉርሻ ብቻ ነው። ጠቀለለና አጎረሳት። ወለላ አላመጠች። ዋጠች። ሁላችንም ጉሮሮዋን ነው የምናየው።

«አባዬ፣ ድገመኝ» አለች።

ሳህኑ ግን ባዶ ነው። እኔ ምን ላድርግ ብዬ ዞር ስል በረኛዋ የራሷን ምሳ ይዛ እየሮጠች መጣች፣ ቁልፍ ያዡ ዳቦውን ይዞ መጣ፣ ሐኪሟም ብርቱካን ይዛ መጣች። አለቃው ባዶ እጁን መጣ። ቢሆንም በሩ እንዳይዘጋ በእግሩ ይዞልን ቆመ።

ከዚያማ ተለቀቁ ወይ ትሉኛላችሁ። አልተለቀቁም። ልጆቼ፣ አልዋሻችሁም። ጉዳያቸው እስኪታይ እዚያው ናቸው፣ ይህም ያናድደኛል። ያ በር ግን ምሳ ሰዓት ይከፈታል፣ ወለላም የመጀመሪያዋን ጉርሻ ከአባቷ እጅ ትጎርሳለች።

እኔ ተረቴን አጉርሻችኋለሁ። እናንተ ደግሞ አጠገባችሁ ያለውን አጉርሱ።