በእግሩ የሄደው ጣራ

«ተረት ተረት!»

«የሣር ቤት!»

ጎሽ። ኑ፣ ጠጋ በሉ። አንተ ጥግ ያለኸው፣ እግርህን ሰብስብና ለእህትህ ቦታ ልቀቅላት።

በድሮ ዘመን ቢያድግልኝ የሚባል ገበሬ ነበረ። ሚስቱ እናንዬ ትባል ነበር። ቤታቸው ወንዝ ዳር ነበረች። በበጋ ደህና ናት። ክረምት ሲገባ ግን ውኃው ሾልኮ ይመጣና ከመደቡ ሥር ይተኛል። ድስቱም ሰፌዱም ቤት ውስጥ ይንሳፈፋል። ታዲያ በዚያ ዓመት እናንዬ ነፍሰ ጡር ሆነች። አንድ ቀን ባሏን እንዲህ አለችው፦

«ስማኝ፣ እኔ ልጄን እንደ እንቁራሪት ውኃ ውስጥ አልወልድም።»

ቢያድግልኝም እውነቷን ነው አለና ከወንዙ ራቅ ብሎ ጉብታው ላይ አዲስ ግድግዳ አቆመ። ጭቃ ረገጠ። ለሰነ። አደረቀ። ጣራው ግን ከየት ይምጣ? የአሮጌው ቤት ጣራ አምና የተከደነ ነው፣ ሣሩ ገና ያምራል። ትቶት መሄድ አልሆነለትም። እንዳለ አንሥቶ ወደ ጉብታው ሊወስደው ቆረጠ። ጣራ ደግሞ አንድ ሰው አይሸከመውም። ከዚያም ዘመድ አዝማድ ጠራ።

በእሱ በኩል ታላቅ ወንድሙ መኩሪያው ልጆቹን ይዞ መጣ። መኩሪያው እንደ ዋርካ የገዘፈ ሰው ነው። በእናንዬ በኩል እናቷ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ወንድሞቻቸውን አስከትለው መጡ። እሳቸው ትንሽዬ ሴት ናቸው፣ ነፋስ የሚወስዳቸው። አፋቸውን ግን ነፋስ አይችለውም።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? ሁለቱ አይነጋገሩም። በሠርጉ ቀን መኩሪያው የወይዘሮ ማንጠግቦሽን ጠላ ቀመሰና በሰው ፊት፦ «ይህ ጠላ ነው ወይስ የጋን እጣቢ?» አለ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ የለም።

እናንዬ ሆዷ ገፍቷልና «አንቺ ጉብታው ላይ ሆነሽ ጠብቂን» አሏት። ምሰሶውን ነቀሉ፣ ጣራውን ከግድግዳው ላይ አወረዱትና ወንዶቹ ሁሉ ከሥሩ ገቡ።

«በሉ አንድ ላይ!» አለ መኩሪያው። ብድግ! ጣራው ተነሣ። የሣሩ ጫፍ ግን ወደ ታች ወርዶ ዓይናቸውን ጋረደው። ከገዛ እግራቸው በቀር የሚታያቸው የለም። ውጭ ቀርተው የሚያዩት ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ብቻ ናቸው።

«ወደ ቀኝ!» አሉ እሳቸው።

«ወደ ግራ!» አለ መኩሪያው ከውስጥ።

«አንተ ሰውዬ፣ ጉብታው በቀኝ ነው!»

«የምን ድምፅ ነው? እኔ የሰማሁት የለም» አለ መኩሪያው።

የባል ወገን ወደ ግራ ጎተተ፣ የሚስት ወገን ወደ ቀኝ ጎተተ። ጣራውም አውድማ ላይ እንዳለ በሬ ባለበት ይዞር ጀመር። ቢያድግልኝ መሃል ሆኖ «ኧረ በእናታችሁ!» ይላል። ማን ይስማው? ወንድሙን እንዳይቆጣ ታላቁ ነው። አማቱን እንዳይቆጣ አማቱ ናቸው። ጣራው ዞረ ዞረና የጎረቤት ጎመን ላይ ወጣ። ጎረቤትየው ብቅ ሲል ቤት በእግሩ ቆሞ ጎመኑን ይረግጣል። «በሕግ አምላክ!» አለና ሮጦ ገብቶ በሩን ቀረቀረ።

ከዚያም ሰማዩ ጠቆረ። ነጎደ። ዝናቡ በረዶ ቀላቅሎ ወረደ። ከጣራው ሥር ያሉት ጠብታም አልነካቸው። መኩሪያው ግን ዝቅ ብሎ ቢያይ ከሣሩ ጫፍ ማዶ ሁለት ትንንሽ እግሮች ጭቃ ውስጥ ቆመው ይንቀጠቀጣሉ። አንጀቱን በሉት።

«እትዬ ማንጠግቦሽ፣ ይግቡ እንጂ!» አለ።

«እጣቢ የምትጠምቅ ሴት በረዶ አይጎዳትም።»

«ኧረ ይታመማሉ!»

«ጠላዬ እንዴት ነበር?»

በረዶው በረታ። እግሮቹ ይበልጥ ተንቀጠቀጡ።

«ግሩም ነበር!» ብሎ መኩሪያው ጮኸ። «ባለጌው እኔ ነኝ፣ ጠላው ግሩም ነበር!»

«ዝናቡ ነው መሰለኝ፣ አልሰማሁም።»

ያን ጊዜ ሁሉም በአንድ አፍ «ግሩም ነበር!» አሉና ጣራው ራሱ የተናገረ መሰለ። ወይዘሮ ማንጠግቦሽም ሣሩን ገለጥ አድርገው ገቡ።

አሁንስ ማን መንገድ ይምራ? ውጭ የቀረ የለም። መኩሪያው የያዘውን ለልጆቹ ለቀቀና አሮጊቷን ብድግ አድርጎ ትከሻው ላይ አስቀመጣቸው። እሳቸውም ከጣራው አናት አጠገብ ሣሩን በእጃቸው ፈልቅቀው ራሳቸውን ወደ ውጭ አወጡ።

«ቀኝ!» ሲሉ፣ መኩሪያው «ቀኝ!» ይላል። «ቀስ!» ሲሉ፣ «ቀስ!» ይላል። ጣራው ቀጥ ብሎ ወደ ጉብታው ወጣ። እናንዬ ከላይ ሆና ስታይ ቤቷ በብዙ እግር እየተራመደች፣ አናቷ ላይ የእናቷ ራስ በቅሎባት ትመጣለች።

«እምዬ፣ አታስቂኝ፣ እዚሁ ልወልድ ነው!» አለች ሆዷን ይዛ።

ጣራውን በባላ እየደገፉ ገፉትና ግድግዳው ላይ አሳረፉት። ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ግን የጣራውን እንጨት እንደያዙ ከመኩሪያው ትከሻ ተነሥተው አብረው ወጡ። ሣሩም ብብታቸውን ይዞ አልለቅም አለ። ራሳቸው ውጭ፣ እግራቸው ቤት ውስጥ ተንጠልጥሎ ቀረ።

«እትዬ፣ ይውረዱ እንጂ» አለ ቢያድግልኝ።

«ቆይ፣ ከዚህ አገሩ ሁሉ ይታያል። ያቺ ሰነፍ በርበሬዋን አስጥታ ረስታዋለች። ያኛው ደግሞ...» አሉና ዝም አሉ። ዝም ብለው አያውቁም ነበርና ሁሉም ደነገጠ።

«ምነው እምዬ?» አለች እናንዬ።

«ልጄ፣ ወንዙ ሞላ። አሮጌው ግድግዳሽ ሄደ።»

ሁሉም ወደ በሩ ሮጡ። እውነትም ውኃው ግድግዳውን እንደ በሶ በጥብጦ ይወስደዋል። መደቡ የት እንደነበረ እንኳ አይታወቅም። እናንዬ ሆዷን በሁለት እጇ ደገፈች። ቢያድግልኝ እንባው መጣ። የወንድሙን ጉልበት ሳመ። የአማቱንም ጉልበት ሊስም ዞረ፣ አልደረሰበትም። የተንጠለጠለ እግራቸውን ያዘና ውስጥ እግራቸውን ሳመ።

«ተው ልጄ፣ ይኮረኩረኛል!» አሉ።

እሱ ግን እያለቀሰ ደገመው። ወይዘሮ ማንጠግቦሽ በሳቅ ፈነዱ። ሲስቁ፣ ሲንፈራገጡ ሣሩ ለቀቃቸውና ዱብ! መኩሪያው ቀለባቸው። ቀለባቸውና አንሸራተተው፣ ሁለቱም እርጥቡ ወለል ላይ ተንከባለሉ።

«ምን ተኝተህ ታየኛለህ? አንሣኝ እንጂ!» አሉት። እሱም ጭቃውን ከፊታቸው ጠረገና አነሣቸው።

በሉ፣ ተረቱን ለጆሯችሁ ሰጠሁ፣ እናንተ ደግሞ ለአፌ ዳቦ ስጡት። ከመሃሉ ቁረሱልኝ፣ ጥርሴን ታውቁት የለ!