አያ ዝንጀሮና የብርቱካኑ መድኃኒት

ድሮ ነው፤ የኔ አያት እንኳ ያልደረሱበት ድሮ። አገሩ የት ነው ብላችሁ አታድርቁኝ፤ ብርቱካን የሚበቅልበት ቆላ ነው፣ በቃ። እዚያ አያ ዝንጀሮና እመት ኤሊ ጎረቤታሞች ነበሩ።

አያ ዝንጀሮ ሚስት ሊያገባ ሽማግሌ ልኳል። ጉረኛ አይደል? "እኔ አያ ዝንጀሮ! ለጥሎሽ አምስት ቁና ብርቱካን አመጣለሁ!" ብሎ አማቱ ፊት ደረቱን ደቃ። ችግሩ ምን መሰላችሁ? የእሱ ብርቱካን ዛፍ በየዓመቱ ያብባል፣ ፍሬም ይቋጥራል፤ ግን ጡጫ ሳያክል ይረግፋል።

ጭንቅ ሲለው እመት ኤሊ ዘንድ ሄደ። "እመት ኤሊ፣ ያንቺ ፍሬ አንዱም ሳይረግፍ የሚበስለው በምን ብልሃት ነው? ልጅቷን ልከለከል ነው፤ አትጨክኝብኝ!"

አሳዘናት። ትንሽ ቅል አውጥታ ሰጠችው። "ይህ የዛፍ መድኃኒት ነው። ፍሬው ሽምብራ ሲያክል፣ በአንድ እንስራ ውሃ አንዲት ጠብታ ጨምረህ በማለዳ እርጨው። ያኔ ፍሬው ቅርንጫፉን የሙጥኝ ይላል።"

"አንዲት ጠብታ?"

"አንዲት ጠብታ!"

ሰውዬው ቤቱ ገብቶ ምን ቢል ጥሩ ነው? "ይቺ ቆንቋና! በጠብታ ከያዘ፣ በቅል ሙሉማ ዱባ ያክላል! እኔ አያ ዝንጀሮ!" አለና መድኃኒቱን እንስራው ውስጥ ግልብጥ አድርጎ ዛፉን አጠበው።

በሦስተኛው ቀን ቅጠሉ ተጠቀለለ። በአምስተኛው ቀን ፍሬው ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ! አንዲት አልቀረችም።

እየጮኸ መጣ። "መርዝ ነው የሰጠሽኝ! ጎጆዬን ሳልወጣ አፈረስሽው!"

"በሞቴ፣ ስንት ጠብታ ጨመርክ?"

መሬት መሬት እያየ፣ "ሁሉንም" አላት።

"ወይ አንተ! በልኩ ሲሆን የሚይዘው መድኃኒት ሲበዛ ራሱ ያረግፋል። ጆሮህን የት ጥለኸው ነበር?" ተቆጣች፤ ግን እንባው ዱብ ዱብ ሲል አንጀቷ ተላወሰ። "ልጅቷን ትወዳታለህ?"

"እንዴት አልወዳት፣ እመት ኤሊ!"

"እንግዲያው ከእኔ ዛፍ አንድ ቁና ልቀም። ግን የራሴ ነው ብለህ እንዳትዋሽ፤ የሆነውን ሁሉ ለአማትህ ትናገራለህ።"

ሄደ፤ አንገቱን ደፍቶ አንድም ሳያስቀር ተናገረ። አማቱ ሆዱን ይዞ ሳቀና፣ "አምስት ቁና ከሚያወራ ጉረኛ፣ አንድ ቁና ይዞ ጥፋቱን የሚያምን ይሻለኛል። በል፣ ልጄን ውሰድ!" አለው።

ሰርጉ ተደገሰ። እመት ኤሊም ተጠርታ በጠዋት ተነሥታ ነበር፤ የደረሰችው ግን ለመልሱ ነው፣ የኔ እናት!

እናንተም ልጆቼ፣ ትንሽ በቂ ነው ስትባሉ ስሙ። ጠብታ ያጸናውን ቅል ሙሉ ያረግፈዋል።