ወደ ግንባር የተገፋው መነጽር

አንድ መነጽር የሚሠራ መሐንዲስ ነበር። ስሙ ናሁሠናይ ይባላል። መነጽሩ ዐይን ለደከመው ሰው አይደለም፤ ማደንዘዣ ሰጥተው ሕመምተኛ ለሚያስተኙ ባለሙያዎች ነው። የተኛ ሰው አመመኝ አይልም፣ ታፈንኩም አይልም። እስኪነቃ ድረስ ትንፋሹን የሚጠብቅለት ያስተኛው ሰው ነው። የልቡን ምትና የትንፋሹን ልክ የሚናገረው ማሽን ደግሞ ከጎን ቆሟል። እሱን ለማየት ዞር ሲሉ ዐይን ከሕመምተኛው ይነቀላል። ናሁሠናይ ይህን አየና፣ ቁጥሩ ሁሉ አየር ላይ ተጽፎ እዚያው ሕመምተኛው ፊት ላይ እንዲታይ የሚያደርግ መነጽር ሠራ።

የሚያቻኩለው ነገር ነበረው። እናቱ ወይዘሮ የሻረግ እንቅርት አለባቸው። እንቅርቱ አድጎ ጉሮሯቸውን መጫን ጀምሯል፤ መውጣት አለበት። እንዲህ ያለ ጉሮሮ ያለውን ሰው ማስተኛት ከባድ ነው፤ ትንፋሽ ድንገት ይዘጋል። «እናቴ ስትተኛ ይህ መነጽር ይጠብቃታል» አለ በልቡ።

የምታስተኛቸው ሲስተር እቴነሽ ናት። መነጽሩ አስቀድሞ በአሻንጉሊት ይሞከር ተባለ። አሻንጉሊቱ የሰው ቁመት አለው፤ ይተነፍሳል፤ ሲታፈን ከንፈሩ ይጠቁራል። የማደንዘዣ ክፍሉ ሰው መነጽሩን እየተቀባበለ አጠለቀ።

«እጅህ ይባረክ!» አለ አንዱ።

«ይሄማ እንኳን የተኛውን፣ የተኛ መስሎ የሚያዳምጠውንም ያጋልጣል!» አለ ሌላው። ሳቁ።

ናሁሠናይ ደስ አለው። ምርቃቱ ፈተና ማለፍ መሰለው።

ከዚያ አሻንጉሊቱ እንዲታፈን ተደረገ። ያኔ ሲስተር እቴነሽ መነጽሩን በግራ እጇ ወደ ግንባሯ ገፋችው። ጎንበስ ብላ ከንፈሩን አየች፤ አገጩን ቀና አድርጋ ትንፋሹን ከፈተች። ሲያልቅ መነጽሩን ዐይኗ ላይ መለሰችና «ግሩም ነው ወንድሜ» አለች።

ሁሉም አጨበጨበ። ናሁሠናይ ግን ያቺን ግራ እጅ አይቷታል። ሰው እስኪወጣ ጠበቀ።

«ሲስተር፣ መነጽሩን ለምን አነሳሽው?»

«ኧረ ላቤን ልጠርግ ብዬ ነው።»

«ላብ አልነበረሽም።»

«ተው እንጂ! ስንት የለፋህበትን።»

«የምትተኛው እናቴ ናት።»

እቴነሽ መነጽሩን አውልቃ እጁ ላይ አስቀመጠችለት። «እንግዲያው ልስደብልህ?»

«ስደቢልኝ።»

«መነጽርህ ሰርግ ቤት ነው። ሁሉም በአንድ ጊዜ ያወራል፤ ሙሽራዋ ብትታፈን የሚሰማት የለም። ቁጥርህን የደረደርከው ሰውየው ከንፈር ላይ ነው። እኔ ደግሞ ከማሽን በፊት የማየው ከንፈሩንና ደረቱን ነው። እሱን ለማየት አንተን ማንሳት ነበረብኝ።»

«ታዲያ ያኔውኑ አትነግሪኝም?»

«አንተ እኮ እንዴት ነው ብለህ ጠየቅከን። የለፋን ሰው ፊት ለፊት ጥሩ ነው ከማለት ሌላ ምን ይሉታል?»

ናሁሠናይ ሲወጣ አንገቱን አልደፋም። ምኑ እንደሚነቀል አውቋልና እርምጃው ፈጠነ። «የኦፕራሲዮኑ ቀጠሮ ሳይደርስ ካልተስተካከለ መነጽሩ ኪሴ ውስጥ ይቀራል፤ እናቴን ባልተፈተነ ነገር አላስጠብቅም» አለ።

ከዚያ በኋላ ሲመጣ በር ላይ ቆሞ «ዛሬ ምርቃት አልቀበልም፤ ስድብ አምጡ!» ይል ጀመር። መጀመሪያ አፈሩ። እየቆዩ ግን ለመዱት፤ እንዲያውም ጣማቸው። አንዱ «አንገቴ ላይ ወፍጮ ነው የሰቀልክብኝ» አለው፤ አቀለለው። ሌላዋ «አፌን ሸፍኜ ስተነፍስ ጭጋግ ይይዘዋል» አለችው፤ ወስዶ አስተካከለው። ከሁሉ የከበደው ግን ቁጥሮቹን ከፊት ላይ ማንሳት ነበር፤ የሚኮራባቸው እነሱ ነበሩ። አነሳቸው። ሕመምተኛው ደህና ሲሆን መነጽሩ ባዶ መስታወት ሆነ። የልቡ ምት ወይም ትንፋሹ መውረድ ሲጀምር ብቻ ከዐይን ጥግ አንዲት መብራት ትበራለች።

አሻንጉሊቱን ደግመው አፈኑት። መብራቷ በራች። የእቴነሽ እጅ ወደ ግንባሯ አልሄደም፤ በቀጥታ ወደ አገጩ ሄደ። ግሩም ነው ያለ የለም። እቴነሽ ጨረሰች፣ እጇን ታጠበች፣ መነጽሩን እንዳጠለቀች ወደ ምሳዋ ሄደች። ናሁሠናይ አልጠራትም። ብቻውን ሳቀ።

እናቱ ኦፕራሲዮን የሆኑ ዕለት በር ላይ ተቀመጠ። ቆየና በሩ ተከፈተ፤ እቴነሽ ወጣች።

«እናትህ ነቁ። ውኃ ስጪኝ አሉ፤ ገና ነው ብላቸው ተቆጡኝ።»

«ተመስገን!» አለ። እንባውን በእጅጌው ጠረገ። «መነጽሩስ?»

«የቱ መነጽር?» አለች። ዐይኗ ላይ ነበር።

ምርቃት ደግ ነው፤ ሥራን ግን አይፈትንም። ይሉኝታ ምላስን ያስራል እንጂ እጅን አያስርም። ሥራህን የተቀበለህን ሰው አፉን ከመስማትህ በፊት እጁን እይ፤ ያየኸውንም ጠይቅ፤ ሲሰድብልህ አትቀየም። ደግ መሣሪያ ማለት የሚጠበቀውን ሰው እያሳየ ራሱ የሚረሳ ነው። ደግ ረዳትም እንደዚያው።

እናንተስ? «ግሩም ነው» ካሏችሁ መካከል መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ ያደረገው ማን ነበር? «ለምን?» ብላችሁስ ጠየቃችሁት?