የአያ ጅቦ መኪና ምን በላ?

አንድ ጊዜ አያ ጅቦ አሮጌ መኪናውን በአበባ አስጊጦ ሙሽራውን አንበሳ ሊያደርስ ተነሣ።

«ሙሽሪት ቤት በሰዓቱ ካደረስከኝ የሰንጋው ሻኛ ያንተ ነው» አለው አንበሳ። «ካረፈድን ግን ምሳዬ አንተ ነህ።»

ይህን የሰማው ሚዜው አህያ የኋላውን ወንበር ጥግ ይዞ ተቀመጠ።

ዳገቱ ግርጌ ሲደርሱ መኪናው ያስል ጀመር። ጥቁር ጭስ ተፋ፤ የቤንዚኑ ሽታ ዓይን ያቃጥላል። የሙሽራው ጎፈር በጥላሸት ተለወሰ።

«ምን ነካው?» አለ አንበሳ።

«ርቦት ነው፣ ጌታዬ» አለ ጅቦ። እሱ መቼም ከረሃብ ሌላ በሽታ አያውቅም። ወርዶ የካርቡሬተሩን ብሎን አዞረና ቤንዚን ጨመረለት። ጭሱ ባሰ። ደግሞ ጨመረለት። ሞተሩ ጭራሽ ጠፋ።

አህያ «ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል» ሊል አሰበና፣ ከማን ጋር እንደተሳፈረ ትዝ ሲለው ዋጠው።

መካኒኳ እመት ቀበሮ ወደዚያው ሠርግ በእግሯ ስታዘግም ደረሰችባቸው። ለሞተሩ እሳት የሚጭረውን ካንዴላ ፈታች፤ ጠቁሮና በቤንዚን ርሶ ወጣ። አሸተተችው።

«ይሄማ ከልክ በላይ ጠግቧል። ያጣው አየር ነው። እስቲ የአየር ማጣሪያውን ልየው።»

«እሱን እንኳ ተዪው» አለ ጅቦ፣ ክዳኑን በመዳፉ ሸፍኖ።

«አንሣ» አለ አንበሳ።

ክዳኑ ሲከፈት ማጣሪያው ዙሪያውን ቋንጣ ታጭቆበት ተገኘ።

«ስንቄን ሚዜው እንዳይካፈለኝ ብዬ ነው» አለ ጅቦ አንገቱን ደፍቶ።

«እኔ እኮ ሥጋ አልበላም» አለ አህያ።

ቀበሮ ቋንጣውን «ይመርመር» ብላ ወደ ኮሮጆዋ ከተተችው። ከዚያ ማጣሪያውን አራገፈች፣ ካንዴላውን ጠረገች፣ ብሎኑንም ወደ ቦታው መለሰች። መኪናው ሲነሣ በረጅሙ ተነፈሰና አራቱንም ይዞ ዳገቱን ያለ ጭስ ወጣው። አህያ ከደስታው ብዛት እስከ ደጃፉ ድረስ እያናፋ ሄደ፤ ጥሩንባም አላስፈለገም።

ሙሽሪት ጥላሸት የጠጣውን ጎፈር አይታ ፊቷ በራ። «ባለ ጥቁር ጎፈር መሆኑን ምነው ሳትነግሩኝ?» አለች። ጥላሸት መሆኑን የነገራትም የለም።

አያ ጅቦም ሻኛውን ተቀበለ። ይህን ግን የትም አልደበቀውም፤ እዚያው ቆሞ ዋጠው።

ከዚህ የምንማረው፣ ትንፋሽ ላጠረው ጉርሻ መደራረብ ማነቅ እንጂ ማብላት አለመሆኑን ነው።