ክንዱን የሰጠው እንግዳ

አንድ የእህል ነጋዴ ነበር። ስሙ ይርዳው ይባላል። ከትልቅ ቁልቁለት አናት ላይ በተቀመጠች ከተማ መጋዘን ከፍቶ ጤፍ፣ ስንዴና ባቄላ ይነግድ ነበር። ይህ ሰው የታወቀባት አንዲት ልማድ ነበረችው። እህሉን ማንም ያምጣው ማን፣ ጆንያውን ሳይወጋ አይገዛም። ውስጧ ቦይ ያላት ሹል ብረት ከእጁ አትለይም። እሷን ከጆንያው ሥር ሽጥ ያደርግና ከታች ያለውን እህል ስቦ ያወጣል፤ መዳፉ ላይ ያራግፈዋል፣ ያሸተዋል፣ ሁለት ሦስት ፍሬ ይቆረጥማል። "ላዩንማ ማንም ያሳምረዋል፤ ጉዱ ያለው ከሥር ነው" ይላል። ማንም ቅር ተሰኝቶበት አያውቅም።

ገበያ ላይ እንዲህ የነቃው ይርዳው ግን፣ ከገበያ ሲወጣ እኛ ሁላችን ያለችብን በሽታ ነበረችበት። ይሉኝታ! ይሉኝታ ሲይዘው ጨው የበዛበትን ወጥ "እንዴት ይጣፍጣል" እያለ ጠርጎ የሚበላ፣ ጫማው ጠቦት "ልክ ነው" ብሎ እያነከሰ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው ነበር።

በዚያችው ከተማ ጋሽ ወልደየስ የሚባሉ ጡረታ የወጡ መምህር ነበሩ። ይርዳውን ሀ ሁ ያስቆጠሩት እሳቸው ናቸው። እሳቸው ደግሞ አንዲት አሮጌ መኪና ነበረቻቸው፤ ሰውነቷ ቀይ፣ አንድ በሯ ነጭ። በሩ ድሮ ተገጭቶ ከሌላ መኪና ተነቅሎ የተገጠመ ነው። እንደ በሬ ዥንጉርጉር ስለሆነች የከተማው ሰው "ቡሬ" ይላታል። ከአሥራ ስድስት ዓመት በፊት የይርዳው ሚስት እታፈራሁ ምጥ ሲጠናባት፣ ከተማው ውስጥ ሌላ መኪና ሲጠፋ፣ ጋሽ ወልደየስ በነጠላ ጫማ ወጥተው በቡሬ ሐኪም ቤት ያደረሷት እሳቸው ናቸው። ታዲያ ይርዳው ቡሬን ሲያይ የሚያየው ላሜራ አልነበረም። ሚስቱንና የበኩር ልጁን ነበር።

ጋሽ ወልደየስ እርጅና ሲጫጫናቸው፣ ቁልቁለቱን ወርዶ ከታች ቆላው ላይ የምትኖረው ልጃቸው "አባዬ፣ ብቻህን አትኑር፤ ናና ከኔ ጋር ኑር" አለቻቸው። እሳቸውም እሺ አሉ። አንድ ቀን ይርዳውን መንገድ ላይ አቁመው፣

"ልጄ ዘንድ በእግር የማይደረስበት ቦታ የለም። ጉልበቴም ፍሪሲዮን መርገጥ ሰልችቶታል። ቡሬን ለማንም ከምሰጣት አንተ ውሰዳት" አሉት።

ይርዳው ልቡ በደስታ ዘለለች። ዋጋው ተነገረው፣ እሺ አለ። ሰኞ ሊረከብ ተቀጣጠሩ። እየተፍለቀለቀ ቤቱ ገባና ለእታፈራሁ ነገራት። እሷም ደስ አላት። ቀጥላ ግን፣

"እና ለመካኒክ አሳየሃት?" አለችው።

"ለምን መካኒክ?"

"እንዴ! አሮጌ መኪና ሲገዛ መካኒክ ያየው የለም እንዴ?"

"አንቺ ሴትዮ፣ ከሰው ልታጣይኝ ነው? ጋሽ ወልደየስን 'አላምንዎትም' ልበላቸው? ከዚያ ወዲያ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?"

"ያልጠረጠረ ተመነጠረ ሲባል አልሰማህም?"

"እሱ ለሌባ የተባለ ነው!"

"እኔ እሳቸውን መቼ አልኩ?" አለች እታፈራሁ። እሱ ግን ይህቺን አልሰማትም። ይሉኝታ ጆሮ ትደፍናለችና።

ሁለት ቀን ሙሉ ሲብሰለሰል ሰነበተ። ሚስቱ እውነት እንዳላት ያውቃል። መምህሩን ማስቀየም ደግሞ ሞቱ ነው። በመጨረሻ፣ ይሉኝታ የያዘው ሰው ሁሉ የሚያደርገውን አደረገ። እውነቱን በአንድ ቃል ከመናገር ይልቅ ትልቅ ድራማ አዘጋጀ። ከጎረቤት ከተማ ከድር የሚባል የታወቀ መካኒክ አስጠራና እንዲህ አለው።

"ከድር፣ የማር ነጋዴ ወዳጄ ነህ። ልትጠይቀኝ መጣህ፤ መምህሬን ሰላም ልትል ይዤህ ሄድኩ። መኪናዋን በዓይንህ ቃኘት ታደርጋለህ። እንዳትነካት! እንዳይነቁብን!"

"ወንድሜ፣ እኔ መካኒክ እንጂ ሰላይ አይደለሁም" አለ ከድር።

"ስለ ወዳጅነታችን!"

ስለ ወዳጅነት ሲባል ማን እምቢ ይላል? ከድር እጁን በሳሙና፣ በአሸዋና በሎሚ ፈተገ። ጥፍሩ ውስጥ ያለው ዘይት እስኪወጣ ድረስ ግማሽ ቀን ፈጀበት። ይርዳው ደግሞ ለሠርጉ ያሰፋውን ኮት አለበሰው። ሐሙስ ረፋዱ ላይ ይርዳውና "ማር ነጋዴው" የጋሽ ወልደየስን በር አንኳኩ።

ሽማግሌው ፈገግ ብለው ወጡና እጃቸውን ለሰላምታ ዘረጉ። ከድርም ሰላም ሊላቸው እጁን ሰደደ። ግን ምን ያደርጋል፣ ሃያ ዓመት በዘይት የቆየ እጅ ባለቤቱን አይሰማም። ጣቶቹን ጭብጥ አደረገና መዳፉን ደብቆ ክንዱን ሰጣቸው።

እሳቸው ክንዱን ጨብጠው ትንሽ ቆዩ። "ግቡ፣ ግቡ" ብለው አስቀመጧቸው፤ ከቴርሞስ ሻይ ቀዱላቸው፤ ቆሎም አቀረቡ።

"የማር ነጋዴ ነህ ማለት ነው" አሉት ከድርን። "ዘንድሮ ማሩ እንዴት ነው?"

ከድር ይርዳውን አየው። ይርዳው ጣሪያውን አየ።

"ይመስገን ጋሼ" አለ ከድር። "ትንሽ ወፍሯል፤ ሲሞቅ ግን ይቀጥናል።"

"ከስንት ኪሎ ሜትር በኋላ ነው የሚቀየረው?" አሉ ጋሽ ወልደየስ ቆሏቸውን እየቆረጠሙ። ከድር ሻዩ ትን አለው። ይርዳው ጀርባውን መታ መታ እያደረገ ነገሩን አለፈው፤ አረጋዊው ቀልድ ይወዳሉ ብሎ ልቡን አጽናና።

ከዚያ ጋሽ ወልደየስ ቡሬን ሊያሳዩአቸው ወደ ግቢው ይዘዋቸው ወጡ። ሞተሩን አስነሱ፤ በአንድ ቁልፍ ተነሳ። ከድር አንገቱን ዘንበል አድርጎ ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ፤ ሞተሩ ደህና ነው። እሳቸውም ሁለቱን አሳፍረው ግቢውን አንድ ጊዜ ዞሩ። መሪው በተጠመዘዘ ቁጥር ከወደ ፊት ኳ... ኳ... የሚል ድምፅ ይሰማል። ከድር ዓይኑን ገለጠ።

"እሱ ምንም አይደለም" አሉ ሽማግሌው። "ቴርሞሴ ናት። ወንበሩ ሥር ትንከባለላለች። ሁለት ወር ሙሉ 'ላወጣት፣ ላወጣት' እያልኩ እረሳለሁ። ቅዳሜ መጻሕፍቴን ጭኜ ቁልቁለቱን ስወርድ አብራ ትወርዳለች። እሑድ ተመልሼ፣ ሰኞ ቁልፉን አስረክብሃለሁ ይርዳው።"

ከድር ፊቱ ልውጥ አለ። ይርዳው በዓይኑ "ዝም በል!" እያለ ይለምነዋል። ከድር ግን ምላሱን መንከስ አቃተው።

"ጋሼ" አለ ቀስ ብሎ። "ቅድም ሻይ የቀዱልን ከየትኛው ቴርሞስ ነው?"

"ከዚያችው ነዋ! ሌላ መቼ አለኝና..." ብለው ጀመሩ ጋሽ ወልደየስ፤ ጀምረው ግን አልጨረሱም። መኪናዋን አቆሙ። ሞተሩን አጠፉ። ዞረው የከድርን እጅ አዩ።

"ንጹህ እጅ ይዞ ክንዱን የሚሰጥ ማር ነጋዴ አይቼ አላውቅም" አሉ። "መካኒክ ነህ አይደል?"

"ነኝ ጋሼ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

ይርዳው ያን ጊዜ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። ያ ሁሉ ሎሚ፣ ያ ሁሉ ኮት ላለመዋረድ ነበር፤ ከነድራማው ተዋረደ። "ጋሼ... እኔ እኮ... እርስዎን ሳይሆን..." ማለት ጀመረ።

ጋሽ ወልደየስ ወደ እሱ ዞሩ። ዓይናቸው ውስጥ ትንሽ ቅሬታ ነበረች፤ አልነበረችም ማለት ውሸት ነው። ድምፃቸው ግን ያው የጥንቱ የክፍል ድምፅ ነበር።

"ይርዳው፣ ተነስተህ መልስ" አሉት። ይርዳው መኪና ውስጥ ሆኖም ሊነሳ ሞክሮ ጣሪያው ገጨው። "ባለፈው ያመጣህልኝን ጤፍ ከማን ነው የገዛኸው?"

"ከወንድሜ ነው ጋሼ። ከራሱ ማሳ።"

"ጆንያውን ወጋኸው?"

"ወጋሁት።"

"ወንድምህ ሌባ ነው?"

"ኧረ በፍጹም! እንኳን ሊሰርቅ! ግን ጋሼ፣ ከሥር ነቅዞ ቢሆንስ? እሱም እኮ ላያውቅ ይችላል።"

ይህን እንደተናገረ የገዛ ቃሉ ጆሮው ውስጥ ገባ። ጋሽ ወልደየስ ቁልፉን ነቅለው ለከድር ሰጡትና፣ "በል ልጄ፣ ውጋት" አሉት።

ከድር የሠርጉን ኮት እንደለበሰ መሬት ላይ ተንጋለለ። ይርዳው "ኮቴን!" ሊል አፉን ከፍቶ መልሶ ዘጋው። ከድር ከቡሬ ኋላ ክሪክ አውጥቶ የፊቱን ጎማ አነሳ፣ በሁለት እጁ ይዞ ነቀነቀው። ኳ! ኳ! ከሥር ገብቶ ጥቂት ታገለና አንዲት የተበላች ብረት በመዳፉ ይዞ ወጣ። በመፍቻ እንኳን አልፈታትም፤ በእጁ ስቧት መጣችለት።

"መሪውን ከጎማው ጋር የምታያይዘው ይቺ ናት" አላቸው። "አልቃለች። ሜዳ ላይ ከእርስዎ ጋር ቀስ እያለች ትኖራለች። ቁልቁለቱ ላይ፣ ያውም መጻሕፍት ተጭኖባት፣ አንድ ጊዜ ጠበቅ አድርገው ቢጠመዝዙ ትወልቃለች። ያኔ መሪው በእጅዎ ይቀራል፤ ጎማው የራሱን መንገድ ይሄዳል።"

ያንን ቁልቁለት የማያውቅ የከተማው ሰው የለም። በአንድ በኩሉ ገደል ነው። ይርዳው ቀኖቹን በልቡ ቆጠረ፤ ቅዳሜ፣ እሑድ፣ ሰኞ። ሰኞ ቁልፍ ሊቀበል ተቀጥሮ የነበረው ሰው፣ ሰኞ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ሊቀመጥ ነበር። ያውም "አይ ጋሽ ወልደየስ! አንድም ቀን አስቀይሜያቸው አላውቅም" እያለ።

ይርዳው መሬት ላይ ተቀመጠና እንደ ሕፃን አለቀሰ። ሽማግሌውም እንደምንም ብለው አጠገቡ ተቀመጡ።

"ይቅር ይበሉኝ ጋሼ።"

"ስለ ምኑ?"

"ስለጠረጠርኩዎት።"

"ስለ እሱማ ይኸው እግዜር ይስጥልኝ ብያለሁ" አሉት ጋሽ ወልደየስ ትከሻውን እቅፍ አድርገው። "ይቅር የምልህ እስከ ዛሬ ስላልጠረጠርከኝ ነው። ደግሞ እኔም ጥፋት አለብኝ። ኳ ኳ ስትለኝ ወርዶ ማየት ፈርቼ በቴርሞሴ አሳበብኩ። ሰው የሚወደውን ነገር ጉድለት መስማት አይፈልግም።"

ከድር ዓርብ ዕለት አዲስ ብረት አምጥቶ ገጠመ። ሌላውንም ሁሉ፣ ፍሬኑንም ካምቢዮውንም፣ አንድ በአንድ አየ። ሥራውን ሲጨርስ እጁ እስከ ክርኑ ጥቁር ሆኖ ነበር። ጋሽ ወልደየስ ሊያመሰግኑት እጃቸውን ሲዘረጉ፣ እሱ እንደ ልማዱ ጣቶቹን ጭብጥ አድርጎ ክንዱን ሰጣቸው።

"ተው እንጂ" አሉት። "የመጣህ ዕለት ንጹሁን እጅህን ደበቅከኝ። ዛሬ የቆሸሸውን አትደብቀኝ፤ እኔን ያተረፈኝ እሱ ነው።" ጣቶቹን ፈልቅቀው ያንን ጥቁር መዳፍ በሁለት እጃቸው ጨበጡት።

ቅዳሜ ቡሬ መጻሕፍት ተሸክማ ቁልቁለቱን ወረደች። ጋሽ ወልደየስ ይነዳሉ፤ ይርዳው ከጎናቸው ተቀምጧል፤ ቴርሞሷ በጭኑ ላይ ናት። እስከ ታች ድረስ ኳ የሚል ነገር አልተሰማም።

ወዳጆቼ፣ ሰው የሚሸጥልን የሚያውቀውን ብቻ አይደለም፤ የማያውቀውንም አብሮ ይሸጥልናል። መኪናዋን ለባለሙያ ማሳየት ባለቤቷን ሌባ ማለት አይደለም። ይርዳው የወንድሙን ጆንያ ሲወጋ ወንድሙን አልወጋም፤ ነቀዙን ነው የፈለገው። ይሉኝታ ለማዕድና ለሰላምታ ደግ ነገር ናት፤ ገደል አፋፍ ላይ ግን መሪ አትይዝም። የምንወደው ሰው ቅር እንዳይለው ብለን የምንዘላት ጥያቄ፣ አንዳንዴ እሱን ራሱን የምታድነው ናት።

እስቲ እናንተም ራሳችሁን ጠይቁ፤ "ቅር ይለዋል" እያላችሁ እስከ ዛሬ ያልወጋችሁት ጆንያ የማን ነው?